ናስን በእሳት የማለዘብ አሠራር፦ ላሜራና ሽቦ በመዶሻ ሥር እንዳይሰነጠቅ

ናስ የሚቀጠቅጡ ሰዎች የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የሚለያየው የሚሠሩት ዕቃ ብቻ ነው። አንዱ ሳህን፣ ሌላው አምባር፣ ሦስተኛው የመብራት ቆብ እያወጣ ሳለ ጠርዙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያያል፤ ከዚያም «እሳት አሳይቼው ነበር፤ ታዲያ ለምን ተሰነጠቀብኝ?» ብሎ ይጠይቀኛል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ እሳቱ አልደረሰውም፣ ወይ በዝቶበታል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የሚቻለው ደግሞ ከእሳቱ በፊት በሚደረገው ዝግጅትና የናሱን ቀለም በሚያነበው ዓይን ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያለውን መመሪያ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

መመሪያው የሚያገለግለው ውፍረቱ ከ0.5 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ለሆነ የናስ ላሜራና እስከ 3 ሚሊ ሜትር ለሚደርስ የናስ ሽቦ፣ በእጅ በሚያዝ የጋዝ ቶርች ለሚሠራ ሰው ነው። ወፍራም ዘንግና ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ዕቃ ሌላ አያያዝ ስለሚፈልጉ እዚህ አልገባሁባቸውም።

ናስ ለምን ይደነድናል? እሳትስ ምን ያደርግለታል?

ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው። ሲቀጠቀጥ፣ ሲታጠፍ ወይም ሲሳብ በውስጡ ያሉት ረቂቅ ቅንጣቶች ይጨፈለቃሉ፣ ይረዝማሉ፣ እርስ በርስም ይቆላለፋሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ምት ለቀጣዩ ምት የሚተርፈውን ቦታ ያጠብበዋል። ቦታው ሲያልቅ ናሱ መዘርጋቱን ትቶ መቀደድ ይጀምራል። ይህ መቃረቡን ቀድሞ የሚናገረው መዶሻው ነው፦ ለስላሳ ናስ ሲመታ የታፈነ፣ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ የደነደነ ናስ ግን ይጮኻል፣ መዶሻውንም ወደ ላይ ይመልሰዋል።

ናሱ በበቂ ሁኔታ ሲሞቅ የተጨፈለቁት ቅንጣቶች ውጥረት በሌለባቸው አዳዲስ ቅንጣቶች ይተካሉ፤ ማለዘብ የምንለውም ይህንኑ ነው። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ወይም ብዙ ሲቆይ ግን አዲሶቹ ቅንጣቶች አንዱ ሌላውን እየዋጠ ይገዝፋሉ። ቅንጣቱ የገዘፈ ናስ ሲታጠፍ ገጹ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይጎረብጣል፤ ይህን ጉድለት እንደገና በማሞቅ ብቻ መመለስ አይቻልም። ጥሬ የቀረውን ናስ ግን ሌላ ጊዜ እሳት ላይ መልሶ ማስተካከል ቀላል ስለሆነ፣ በተጠራጠሩ ቁጥር ስህተትዎ ወደ ማነሱ ያድላ።

በእጅዎ ያለው ምን ዓይነት ናስ ነው?

70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ የያዘው ናስ፣ ማለትም የጥይት ቀለህ የሚሠራበት ዓይነት፣ ለመዶሻ እጅግ ታዛዥ ነው። 63 በመቶ መዳብ የያዘውም ብዙ አይርቀውም፤ 85 በመቶ መዳብ የያዘው ቀላ ያለ ናስ ደግሞ ለስላሳ ነው። 60 በመቶ መዳብና 40 በመቶ ዚንክ ያለው ግን ሳይሞቅ መቀጥቀጥን አይወድም። ከሁሉም የሚያስቸግረው ለቶርኖ ሥራ ተብሎ እርሳስ የተጨመረበት ናስ ነው፤ እርሳሱ ከናሱ ጋር ሳይዋሐድ በትናንሽ ነጠብጣቦች መልክ ተበታትኖ ስለሚቀመጥ፣ ሲቆረጥ ቢመችም ሲቀጠቀጥ ከነዚያው ነጠብጣቦች ይሰነጠቃል።

ዓይነቱ ያልተጻፈበት ቁራጭ ከገጠመዎ በቀጭን መሰርሰሪያ ጥጉን ይብሱት። የሚወጣው ፍርፋሪ ረጅምና የተጠቀለለ ከሆነ ለመዶሻ ይሆናል፤ እንደ ደቃቅ አሸዋ ከተበተነ እርሳስ አለበትና ለሌላ ሥራ ያቆዩት። ማግኔት ያስጠጉለትም፤ ከያዘው በናስ የተለበጠ ብረት ነው እንጂ ናስ አይደለም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሰፋ ያለ ነበልባል የሚሰጥ የእጅ ጋዝ ቶርች። ለጌጣጌጥ ብየዳ የሚያገለግለው እንደ መርፌ የቀጠነ ነበልባል ያለው ትንሽ ቶርች ከ5 ሴንቲ ሜትር ለሚበልጥ ላሜራ አይበቃም፤ አንዱን ነጥብ ሲያቀልጥ ሌላው ገና ቀዝቃዛ ነው።
- እሳት የሚችል ጡብ፣ 4 ያህል፦ ሁለቱ ለወለል፣ ሁለቱ ለጥግ ግድግዳ።
- እጀታው የረዘመ የብረት ጉጠት ለትኩሱ ናስ፤ ለአሲዱ ደግሞ ለብቻው የተለየ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መቆንጠጫ።
- ቢያንስ 5 ሊትር ውኃ የያዘ የብረት ባልዲ።
- 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውኃ የተበጠበጠበት፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ወይም የመስታወት ዕቃ።
- ቤኪንግ ሶዳ፣ የእቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ የናስ ሽቦ ብሩሽ፣ ቁጥር 400 እና 600 የብርጭቆ ወረቀት።
- ጥቁር ቋሚ ማርከር፣ ለሽቦ ማሰሪያም ቀጭን የመዳብ ሽቦ።
- ጥርት ያለ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ የቆዳ ጓንት፣ የጥጥ ልብስ፣ የተሸፈነ ጫማ፣ የእሳት ማጥፊያ።

መነጽሩ ጥርት ያለ እንዲሆን የጻፍሁት በምክንያት ነው። ጥቁር የብየዳ መነጽር ያደረገ ሰው የናሱን ቀለም ማየት አይችልም፤ ሥራው በሙሉ የቆመው ደግሞ በቀለሙ ላይ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ሊያነቧቸው የሚገቡ ማስጠንቀቂያዎች

የዚንክ ጭስ። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴልሽየስ ይፈላል። ናስ ከልክ በላይ ሲሞቅ ከላዩ ነጭ ጭስ ይወጣል፤ እሱን የተነፈሰ ሰው ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ትኩሳትና የሰውነት ቁርጥማትም ይይዘዋል፤ ብዙውን ጊዜ ጉንፋን የያዘው ይመስለዋል። በትክክል በሚለዝብ ናስ ላይ ይህ ጭስ አይታይም። ነጭ ጭስ ካዩ እሳቱን ወዲያውኑ ያንሱ፤ ቦታውንም ያናፍሱ። ጭሱን የተነፈሰ ሰው ትንፋሽ ካጠረው ወይም ሕመሙ ከጸናበት ወደ ሐኪም ይሂድ።

የታሸገ ባዶ ዕቃ። ውስጡ ባዶ ሆኖ ዙሪያው የተዘጋ ማንኛውም ዕቃ፣ ኳስም ይሁን ሁለት ጫፉ የተደፈነ ቱቦ፣ ሲሞቅ በውስጡ የታፈነው አየር ይፈነዳል። መተንፈሻ ቀዳዳ ሳያበጁለት እሳት አያሳዩት። ከቁርጥራጭ ብረት ክምር ውስጥ የተገኘ ጥይት ወይም ቀለህም በምንም ምክንያት እሳት አጠገብ አይቅረብ፤ በውስጡ ያልፈነዳ ተቀጣጣይ ሊኖር ይችላል።

ወለሉ። በሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ አያሙቁ። ሲሚንቶ በውስጡ የያዘው እርጥበት በድንገት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ፍንጣሪው ወደ ፊት ይወረወራል። ውኃ የነካው ጡብም እንዲሁ ስለሆነ አስቀድመው ያድርቁት።

ጋዙ። ፕሮፔንና ቡቴን ከአየር ስለሚከብዱ በዝቅተኛ ቦታ ይጠራቀማሉ፤ ምድር ቤት ውስጥ አይሥሩ። ቶርቹን ከመለኮስዎ በፊት መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ይቀቡ፤ አረፋው ካበጠ ጋዙ እያፈተለከ ነው።

የተቀባ ነገር። የጌጥ ናስ ብዙ ጊዜ ቫርኒሽ አለበት። ቫርኒሹን በአሴቶን ካስለቀቁ፣ ጨርቁንና ጠርሙሱን ከሥራው ቦታ አርቀው፣ ናሱም ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ብቻ ቶርቹን ያንሱ።

አሠራሩ

1. የሙከራ ቁራጮች ይቁረጡ። ከምትሠሩበት ላሜራ ላይ ሳይሆን ከሌላ ቁራጭ የተወሰደ ሙከራ ብዙ አይጠቅምም፤ ስለዚህ ከራሱ ላሜራ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሦስት ቁራጮች ያውጡ። አንደኛውን እሳት ሳያሳዩት ያቆዩት። ሁለተኛውን ከዚህ በታች በተገለጸው መንገድ ያለዝቡት። ሦስተኛውን ደግሞ ሆን ብለው ደማቅ ቀይ እስኪሆን ድረስ አሳልፈው ያሙቁት፤ ነጭ ጭስ ሳይታይ ግን ያቁሙ። ሦስቱም ከቀዘቀዙ በኋላ በጣትዎ ያጥፏቸው። የመጀመሪያው ይገፋዎታል፤ ሁለተኛው በታጠፈበት ይቀራል፤ ሦስተኛውም ይታጠፋል፣ ነገር ግን የእጥፋቱን ጀርባ በብርሃን ፊት ቢያዘነብሉት ገጹ ሸካራ ሆኖ ይታያል። ይህ የሩብ ሰዓት ሥራ ከማንኛውም ጽሑፍ የተሻለ አስተማሪ ነው፤ ዕቃው ተበላሽቶባቸው የጠየቁኝ ሰዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የዘለሉት እሱን ነበር።

2. ናሱን ያጽዱ። በሳሙናና በሙቅ ውኃ አጥበው ያድርቁት። ዘይትና የጣት አሻራ ሲቃጠሉ ጥቁር ነጥብ ሆነው ይቀራሉ፤ ነጥቡ ባለበት ቦታም ቀለሙን ማንበብ አይቻልም። ዕቃው ቀድሞ በስታኞ ተበይዶ ከነበረ ስታኞው አንድም ሳይቀር መፋቅ አለበት፤ በማለዘቢያው ሙቀት የቀለጠ ስታኞ ናሱን ይበላዋል፣ ጉድጓድም ይተውበታል። በመጨረሻ በማርከሩ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ወይም ሦስት መስመሮች ያስምሩ።

3. ቦታውን ያጨልሙ። ጡቦቹን ሁለቱን ለወለል፣ ሁለቱን ለጥግ አድርገው ይደርድሩ፤ ጥጉ ሙቀቱን መልሶ ወደ ናሱ ስለሚያንጸባርቅ ጋዝም ጊዜም ይቆጥባል። ናሱ ጠፍጣፋ ሆኖ ጡቡ ላይ ከተኛ ሥሩ ሙቀት ስለሚያጣ፣ ከሥሩ ጥቂት የጡብ ስባሪዎች አድርገው ከፍ ያድርጉት። ከዚያም መጋረጃውን ይዝጉ ወይም እስኪመሽ ይጠብቁ፤ እጅዎንና ጉጠትዎን ማየት የሚችሉበት ያህል ብርሃን ይበቃል። አየር የሚያስገባው መስኮት ግን ይከፈት፤ መጋረጃው የሚከለክለው ብርሃኑን እንጂ አየሩን እንዳይሆን።

እኔ ይህን የተማርሁት በኪሳራ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ሆኜ አንድ ሳህን ሳሞቅ ቀዩ አልታየኝም፤ ስላልታየኝም እሳት ጨመርሁ። የጠርዙ አንድ ጥግ በድንገት እንደ ሰም ረግቦ ጡቡ ላይ ተኛ። በኔ ዓይን ናሱ ገና አልቀላም ነበር።

4. በዝግታ ይጀምሩ። ነበልባሉን ለስላሳና ሰፊ አድርገው፣ ከናሱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው፣ በክብ እንቅስቃሴ መላውን ገጽ ያለብሱት። አጥብቆ የተቀጠቀጠ ናስ በውስጡ የታመቀ ውጥረት አለው፤ አንድ ቦታ ብቻ በድንገት ሲሞቅ ውጥረቱ እኩል ስለማይለቅ፣ ናሱ መዶሻ ሳይነካው እሳቱ ላይ እንዳለ ሊሰነጠቅ ይችላል። እርሳስ ያለበት ናስ በዚህ ይብሳል። የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ እንግዲህ ለማሟሟቅ እንጂ ለማቅላት አይደለም።

5. ሙቀቱን ያዳርሱ፤ ቀለሙንም ያንብቡ። ነበልባሉን በመጠኑ ያቅርቡ። ከሁሉ የሚሞቀው የነበልባሉ ክፍል ከውስጠኛው ሰማያዊ ሾጣጣ ጫፍ ትንሽ ወደ ፊት ያለው ነው፤ ሾጣጣው ራሱ ናሱን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ናስ ሙቀትን ከመዳብ በጣም ባነሰ ፍጥነት ያስተላልፋል፤ መዳብ የለመደ ሰው አንዱን ጫፍ አሙቆ ሌላው እስኪከተል መጠበቅ ይቀናዋል፣ ናስ ግን አይከተልም። በእጅዎ ካላዳረሱት ግማሹ ይቀልጣል፣ ግማሹ ጥሬ ይቀራል። ከመሃል ወደ ዳር ይሂዱ፤ ጠርዝና ሹል ጥግ ቀድመው ስለሚሞቁ እነሱን በመጨረሻ፣ በማለፍ ብቻ ይንኳቸው።

ቀለሞቹ የሚመጡት በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ቢጫው በመጀመሪያ ይደበዝዝና ወደ ቡናማ፣ ከዚያ ወደ ወይን ጠጅና ሰማያዊ ያዘነብላል፤ ይህ የላይኛው ቆዳ ቀለም እንጂ የመለዘብ ምልክት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚያቆመው ግን እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ ገጹ ይጠቁራል፤ የማርከሩ መስመርም እየሳሳ ይጠፋል። መስመሩ መጥፋቱ ወደ ትክክለኛው ሙቀት መቅረብዎን ይነግርዎታል። ከዚያ በኋላ በጨለማው ውስጥ፣ ከናሱ ውስጥ የሚወጣ የሚመስል ደብዛዛ ቀይ ይታያል፤ እሱ መጀመሪያ ለዓይን የሚገለጠው 500 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፦ ከ500 ብዙም ያልራቀ፣ ከ600 ያላለፈ፣ ነበልባሉን ለቅጽበት ዞር ሲያደርጉ እንኳ ጎልቶ የማይታይ ቀይ። እንደ ደም የቀላ ደማቅ ቀይ 700 ዲግሪን የተሻገረ ስለሆነ አልፎብዎታል ማለት ነው። 70 በመቶ መዳብ ያለው ናስ መቅለጥ የሚጀምረው 915 ዲግሪ ላይ ነው፤ ከደማቁ ቀይ እስከዚያ ያለውን መንገድ ቀጭን ላሜራ በጥቂት ሴኮንዶች ይጨርሰዋል። ገጹ ውኃ የፈሰሰበት መስሎ ካብረቀረቀ አንድ ሴኮንድም አይቆዩ።

ደብዛዛው ቀይ ሁሉንም ቦታ በየተራ ከጎበኘው ይበቃል። መላው ዕቃ በአንድ ጊዜ መቅላት የለበትም፤ ትልቅ ሳህን ላይ ቀዩን እንደ ጥላ ከቦታ ቦታ እየነዱ መሄድ ይቻላል። ቅንጣቶቹ በዚህ ሙቀት የሚታደሱት በፍጥነት ስለሆነ በአንድ ቦታ ላይ ከ2 ወይም ከ3 ሴኮንድ በላይ መቆየት ቅንጣቱን ከማግዘፍ ሌላ የሚጨምረው ነገር የለም።

6. ያቀዝቅዙት። ብረት ቀልቶ ውኃ ውስጥ ሲገባ እንደሚጠነክር የሚያውቁ ሰዎች ናስም እንዲሁ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ ናስ ውኃ ውስጥ በመግባቱ አይደነድንም፣ ቀስ ብሎ በመቀዝቀዙም የበለጠ አይለዝብም። ውኃው የሚጠቅመው ጊዜ ለመቆጠብና ጥቁሩን ቆዳ ለማላቀቅ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ቀይ ሆኖ ሳለ የተነከረ ናስ ሊጣመምም ሊሰነጠቅም ስለሚችል፣ ቀዩ ጠፍቶ ገጹ እስኪጠቁር ድረስ 20 ያህል ይቁጠሩ፤ ከዚያም በጉጠት ጠርዙን አስቀድመው፣ እንደ ቢላዋ በጎኑ ያስገቡት። በጠፍጣፋው ከተጣለ ሥሩ ከላዩ ቀድሞ ይቀዘቅዝና እንደ ቅጠል ይቆለመማል። ቱቦ ከሆነ አፉን ወደ ፊትዎ አያዙሩ፤ የፈላው ውኃ በቱቦው ውስጥ አልፎ ይተፋል። እርሳስ አለበት ብለው ለሚጠረጥሩት ናስ ውኃውን ይተዉትና ጡቡ ላይ ይቀዝቅዝ።

7. ጥቁሩን ቆዳ በአሲድ ያስለቅቁ። ቆዳው ካልተወገደ በሚቀጥለው ምት ወደ ናሱ ውስጥ ይገባል፤ ከገባ በኋላ በመወልወል አይወጣም። ሲትሪክ አሲዱን ወደ ውኃው ይጨምሩ እንጂ ውኃውን ወደ አሲዱ አይጨምሩ፤ ሌላ ጠንካራ አሲድ ለሚጠቀም ሰው ይህ ሥርዓት ከቃጠሎ የሚያድን ስለሆነ ከመጀመሪያው መልመድ ይበጃል። ውኃው ለብ ሲል አሲዱ ቶሎ ይሠራል፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ናሱ ከመግባቱ በፊት እጅ የሚችለው ያህል መቀዝቀዝ አለበት፤ ትኩስ ናስ አሲዱን ወደ ዓይን ይረጫል።

የብረት ጉጠት አሲዱ ውስጥ አያስገቡ። በአሲዱ ውስጥ የሟሟው መዳብ በብረቱ ምክንያት ተመልሶ ናሱ ላይ ይለበጣል፤ ቢጫ ሆኖ የገባው ዕቃ ሮዝ ሆኖ ይወጣል። ይህ ከደረሰብዎ ዕቃው አልተበላሸም፤ ሮዙ ስስ ቆዳ ስለሆነ በቁጥር 600 የብርጭቆ ወረቀት ይለቃል።

8. አጥበው ይቦርሹ። በብዙ ውኃ ካለቀለቁት በኋላ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይተዉት፤ በእጥፋትና በስፌት ውስጥ የቀረው አሲድ በኋላ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ከዚያ በናስ ብሩሽ ቦርሸው ያድርቁት። የብረት ብሩሽ ጭረት ይተዋል።

9. ይፈትኑት። ላሜራው ከሆነ ጥጉን በጣትዎ ጫን ይበሉት፤ ሳይገፋ መታዘዝ አለበት። ቅርጽ ለያዘ ዕቃ ግን ድምፁ ይሻላል፦ በጣትዎ ጫፍ አንጠልጥለው በእንጨት እጀታ ቀስ ብለው ይምቱት። እንደ ደወል ከጮኸ አልለዘበም፤ ዱብ ካለ ለዝቧል። ግማሹ ጮኾ ግማሹ ዱብ የሚል ዕቃም ያጋጥማል፤ ይህ እሳቱ አለመዳረሱን ስለሚያሳይ ወደ ደረጃ 4 ይመለሱ።

10. መቼ እንደገና ይለዝብ? ይህን በምት ቁጥር መወሰን አይቻልም፤ የመዶሻው ክብደትና የእጅዎ ኃይል ይወስነዋል። ጥልቅ ሳህን የሚያወጣ ሰው ከጠርዝ እስከ መሃል አንድ ዙር ከጨረሰ በኋላ ማለዘብ ይለምድ፤ ጥልቀት የሌለው ሥራ ደግሞ ሁለት ዙር ይታገሣል። በማንኛውም ጊዜ ግን ድምፁ ከተለወጠና መዶሻው መንጠር ከጀመረ «ይህችን ብቻ ልጨርስ» አይበሉ። ስንጥቁ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በዚያች ምት ነው።

ሽቦ ሲሆን

ሽቦ ቀጥ ብሎ ተዘርግቶ ከተሞቀ አንዱ ነጥብ ቀልጦ ይቆረጣል። ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቀለበት አጥብቀው ይጠቅልሉት፤ ክሮቹ ተነካክተው ሙቀቱን እንዲካፈሉ በሦስት ቦታ በመዳብ ሽቦ ይሰሩት። ብረት ሽቦ ያልሁት እንዳይመስልዎ፤ ረስተውት ወደ አሲዱ ከገባ በደረጃ 7 የተጠቀሰው ሮዝ ቆዳ ይመጣል። ሁለቱን ጫፎች ወደ ጥቅሉ ውስጥ ሸጉጧቸው፤ ተንጠልጥሎ የቀረ ጫፍ ከሁሉ ቀድሞ ይቀልጣል። ነበልባሉን ሳያቆሙ በቀለበቱ ላይ ያዙሩ፤ አንዱን ፊት ከጨረሱ በኋላ ጥቅሉን ገልብጠው ሌላውን ፊት ያሙቁ። ከ1 ሚሊ ሜትር ለሚቀጥን ሽቦ ደብዛዛውን ቀይ እስኪያዩ መጠበቅ አደገኛ ነው፤ የማርከሩ ምልክት ሲጠፋ እሳቱን ያንሱና ይፈትኑት፤ ካልለዘበ ይድገሙት።

የተለመዱ ስህተቶች

ጠርዙ ላይ ስንጥቅ አይቶ ዝም ብሎ ማለዘብና መቀጥቀጡን መቀጠል። እሳት ስንጥቅን አይገጥምም። ስንጥቁ አጭር ከሆነ በሞረድ ሙሉ በሙሉ አውጥተው ጠርዙን ያለስልሱት፤ ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ ጫፉ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ፤ ክቡ ቀዳዳ ውጥረቱን ስለሚበትነው ስንጥቁ እንዳይሄድ ያግደዋል።

ላሜራውን በመቀስ ከቆረጡ በኋላ ጠርዙን ሳይሞርዱ መቀጥቀጥ። መቀስ የሚተወው እያንዳንዱ ጥርስ የስንጥቅ መነሻ ነው፤ ስንጥቅ ይዘው ከሚመጡልኝ ዕቃዎች አንዳንዶቹ እሳታቸው ደህና ሆኖ ያልተሞረደ ጠርዝ ያላቸው ናቸው።

ቢጫ፣ ጥላሸት የሚያስቀምጥ ነበልባል መጠቀም። ጥላሸቱ ቀለሙን ይሸፍናል። የቶርቹ የአየር ቀዳዳ መደፈኑን ይመልከቱ።

ናሱን ለብዙ ደቂቃ እሳት ላይ ትቶ «የበለጠ ይለዝባል» ብሎ መጠበቅ። የሚያድገው ልስላሴው ሳይሆን ቅንጣቱ ነው፤ ዚንኩም ከገጹ እየተነነ ናሱን ያቀላዋል።

ሥራው አልቆ ዕቃው ከተወለወለ ከሳምንታት በኋላ ማንም ሳይነካው መሰንጠቁ። ይህ በብዛት የሚደርሰው በመጨረሻው ዙር ተቀጥቅጦ ሳይለዝብ የቀረ ናስ አሞኒያ ሲያገኘው ነው፤ አሞኒያ በመስታወትና በብረት ማጽጃ ፈሳሾች ውስጥ የተለመደ ሲሆን፣ የእንስሳት ሽንት ባለበት ቦታም ይገኛል። ዕቃው ጥንካሬውን ይዞ እንዲቆይ ስለሚፈለግ በመጨረሻ እንደገና ማለዘብ አይቻልም፤ በዚህ ፈንታ ኦቨን ውስጥ በ250 ዲግሪ ለ1 ሰዓት ያቆዩት። ይህ ሙቀት ቅንጣቶቹን ለማደስ አይበቃም፤ ስለዚህ ጥንካሬው ይቀራል፤ የታመቀው ውጥረት ግን በአብዛኛው ይለቃል። ገጹ በመጠኑ ስለሚጠይም ውልወላውን ከኦቨኑ በኋላ ያድርጉት፤ ለውልወላውም አሞኒያ የሌለበትን ማጽጃ ይምረጡ።